ሁለት መቶ አርባ ምት

በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ባልደረቦቹ ነጎድጓድ የሚሉት ሰውዬ ሥራው ሲምባል ነው፤ ሁለቱን የነሐስ ሳህኖች ማጋጨት። የጓዱ ዋና ሙዚቃ ሲጀመር ሁለት መቶ አርባ ምት ሳህኖቹን ይዞ እንደ በር ዘበኛ ተገትሮ ይጠብቃል፤ ከዚያ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ያጋጫቸዋል። በዚህ የሚስቅ ካለ ቆሞ ይሞክረው። ነጎድጓድ ከመሪው ቀጥሎ ትልቁ ሰው እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚያምነው። ትራምፔት ነፊ አንድ ድምፅ ቢስት ማን ያውቅበታል? ሲምባል ከሳተ ግን አገር ይሰማል።

የስድስት ዓመት ልጁን ሚጡን ሙዚቃ ላስተምር ብሎ ሲነሳም የሚያውቀውን አስተማራት፤ መቁጠር። ከሥራ ሲመለስ የጓዱን ዋና ሙዚቃ በቴፕ ይከፍታል፤ አባትና ልጅ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ ይቆጥራሉ። ሁለት መቶ አርባ ሲሞላ ሚጡ የድስት ክዳኖቹን በኃይል ታጋጫቸዋለች።

«ሰው ለልጁ ዘፈን ያስተምራል፤ አንተ ልጄን የመብራት ቆጣሪ አደረግካት!» ትላለች እናቷ።

«መቁጠር የማያውቅ ሙዚቃ አያውቅም» ይላል እሱ በሙሉ ልብ።

ነገሩ የከረረው ባለፈው ዝግጅት ላይ ነው። ነጎድጓድ ስምንት ምት ቀድሞ አጋጨና ክላርኔት ነፊዋ ደንግጣ መንፋቷን አቆመች። መሪው አልጮኸበትም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለው። «ቅዳሜ ከደገምከው ሲምባሉን ከበሮ መቺው ይደርበዋል። አንተ ንብረት ክፍል ገብተህ ዩኒፎርም ታድላለህ።»

ዩኒፎርም ማደል! ነጎድጓድ ቤቱ ሲገባ ግን ደረቱን እንደነፋ ነበር። «ቅዳሜ መጥታችሁ ታዩኛላችሁ» አላቸው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ሚጡና እናቷ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ነጎድጓድ ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ መቶ ሠላሳ ስምንት ላይ ሲደርስ ልጁን አየት አደረጋት። አትቆጥርም። እጆቿን አጣጥፋ ዐይኖቿን ጨፍናለች። ተኛች እንዴ? ይህን ባሰበባት ቅጽበት ቁጥሩ አመለጠው። መቶ ሠላሳ ስምንት ነበር ወይስ መቶ አርባ ስምንት? ጉድ ፈላ!

ምልክት ፍለጋ ወደ መሪው አየ። መሪው እንደሆነ ፈተና ፈተና ነው ብሎ ዐይኑን ከክላርኔቶቹ አልነቀለም። ነጎድጓድ ሌላ የሚያየው ቢያጣ ወደ ልጁ ተመለሰ። አልተኛችም። አገጯ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሙዚቃው ሲያድግ ትከሻዋም አብሮ ይነሳል። በመጨረሻ ውኃ ውስጥ እንደሚጠልቅ ሰው ትንፋሿን ሳበች፣ ዐይኖቿን ገለጠች፣ እጆቹን አየች።

አጋጨ።

ድምፁ ጣሪያ ነካ፤ ጓዱም እንዳለ ተከትሎት ገባ። ልክ በቦታው ነበር። መሪው በአገጩ «ይሁን» አለው።

ለእረፍት ሲወጡ ነጎድጓድ ልጁን አፈፍ አድርጎ አቀፋት። «ስንት ላይ ነበርሽ፣ የኔ እመቤት?»

«አልቆጠርኩም እኮ አባዬ።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«ሙዚቃው ይመጣል፣ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ ያንተን ይፈልጋል። አንተ አትሰማውም እንዴ?»

ነጎድጓድ አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ ሙዚቃ መሃል ቆሞ ሲቆጥር ኖሯል፤ አንድ ቀን ሰምቶት አያውቅም። አፈረ። ከሐፍረቱ ይልቅ ግን በልጁ የተሰማው ኩራት በለጠበት።

ከእረፍት በኋላ ተመልካቹ «ይደገም!» ብሎ ጮኸና ያው ሙዚቃ እንደገና ተጀመረ። ነጎድጓድ ሳህኖቹን አንስቶ ተገተረ። አጠገቡ ያለው ትሮምቦን ነፊ ራሱ መቁጠር ስለሚሰለቸው የሱን ቁጥር እየጠየቀ መግባት ልማዱ ነው። መሃል ላይ ጠጋ ብሎ «ስንት ደረስን?» ሲል አንሾካሾከ።

«ዝም በል» አለው ነጎድጓድ፤ «እየሰማሁ ነው።»