የይሁኔ ወፍጮ

የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሼ ይሁኔ የሰደበኝ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው፤ ሸዋ ሮቢት፣ እትዬ ዘውድነሽ ምግብ ቤት። ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ የምጭነው ኮንቴይነር ታሽጎ፣ ውስጡን ሳላይ እንደሚሰጠኝ ሳወራ፣ «የአሊዩ አምባ ገበያ አህያ እንኳ ጨው መጫኗን ታውቃለች» ብሎ ሾፌሩን ሁሉ አሳቀብኝ። የጭነት መኪናው የገዛ ራሴ መሆኑን እንኳ አልቆጠረልኝም።

በዓመቱ እዚያው ምሳ ልበላ ስቆም፣ ይሁኔ ቀበሌውን አሰልፎ፣ በግ አስጎትቶ ጠበቀኝ። ለካ ያን ቀን የቀበሌው ወፍጮ በኮንቴይነር ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሎ ኖሯል።

«ጓድ፣ የጫንከው ወፍጯችንን ነው አይደል?» አለኝ። አራጁ ካራውን ይስላል።

ኪሴ ያለው የጭነት ወረቀት «ባዶ ጠርሙስ፣ ለኮምቦልቻ» ይላል። አህያ ደግሞ ወረቀት አታነብም።

ወረቀቱን ከኪሴ ሳላወጣ፣ በጉ እስኪታረድ ልጠብቅ ወደ እትዬ ዘውድነሽ ቤት አለፍኩ።