የአስቻለው ማንኪያ

«ማንኪያ ነው እኮ!» አለች ፋንቱ፣ እጇን ከሟቹ ኮት ኪስ እያወጣች።

ኮቱን ከበሩ ጀርባ አውርዳ ከወርቂቱ ዓይን ልታርቀው ነበር። የወርቂቱ ወንድም አስቻለው የተቀበረው ትናንት ነው። ለቀስተኞቹ በናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለችው ጠባብ ክፍል ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መካከላቸው ያለው ንፍሮ ስንዴና ሽምብራ ሳይሆን በቆሎና ቦሎቄ ነው። ኬንያውያን ጊዘሪ ብለው በደስታም ቀን ይበሉታል፤ የናይሮቢ ሐበሻ ግን ሰው ሲሞትበት ንፍሮ ይለዋል።

እትዬ ብዙነሽ ማንኪያውን አይተው ወደ ፋንቱ ጆሮ ጠጋ አሉ። እሳቸው ሲያንሾካሹኩ ጎረቤት ይሰማል።

«በጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሥጋ ሾርባ ሲጠጣ ያዩት አሉ። ነፍሱን ይማረውና ሆዱን አይችልም ነበር።»

ወርቂቱ ሰማች፣ ግን ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና አላለችም። ጊዜው ፍልሰታ ነው። ቤቱን የሞላው ሁሉ ጿሚ ነው፣ ከታዲዮስ በቀር። ታዲዮስ ጴንጤ ነው፤ ከአስቻለው ጋር አንድ ጋራዥ ሠርቷል። በጾም ወራት የሁሉም ቀልድ እሱ ላይ ነው፤ እሱም ስቆ ያልፈዋል።

ወርቂቱን ከሐዘኑ ጋር ሌላም ነገር ይዟታል። ላቪንግተን በሚባለው ሰፈር ለአንዲት ፈረንጅ ወጥ ቤት ነች። ሴትዮዋ ለቀብሩ ፈቀደችላት እንጂ ከዚያ ወዲያ አልፈቀደችም፤ ነገ ማታ የእራት ግብዣ አለባት። ሐዘንተኛ ደግሞ ሠልስት ሳይወጣ ከቤት አይነሳም። ከደርግ ሸሽተው በሞያሌ በኩል ወንድምና እህት ናይሮቢ ከገቡ ጀምሮ የቤት ኪራዩ የሚከፈለው በዚያ ሥራ ነው። ዛሬ ጠዋት ጓደኛዋ አያልነሽ ሽርጧን ከሚስማሩ ላይ አንስታ፣ «አንቺ ወንድምሽን አልቅሺ፤ ሥራሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ» ብላ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ አያልነሽ ተመለሰች።

«ሾርባውን መለሰችው» አለች፣ ሽርጡን እየጠቀለለች። «ጨው በዝቶበታል አለች። ነገም እንዲህ ከሆነ ወርቂቱ ካዚ የላትም፣ ሥራዋን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብላለች። በእጄ ላጠፋብሽ ነው፣ እህቴ!»

«ማን ቀመሰልሽ?» አለች ወርቂቱ።

«ማን ይቀምስልኛል? ጾም አይደል እንዴ! አሽትቼ ገመትኩ።»

ወርቂቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከቀብሩ ወዲህ ያልወጣ ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ።

«አስቻለው ነበር የሚቀምስልኝ!» አለች።

ናይሮቢ በገቡ በመጀመሪያው ሁዳዴ፣ ሴትዮዋ በጨው ምክንያት አንድ ጊዜ አስጠንቅቃት ነበር። ወርቂቱ ማታ እያለቀሰች ቤት ገባች። ብትቀምስ ጾሟን ትገድፋለች፤ ባትቀምስ ሥራዋን ታጣለች። አስቻለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰማትና፣ «አንቺ ጹሚልኝ፣ እኔ ልቅመስልሽ» አላት። የሚቀልድ መስሏት ነበር። በማግሥቱ ቀትር ላይ የወጥ ቤቱ የጓሮ በር ተንኳኳ። ገባ፣ ማንኪያውን ከኪሱ አወጣ፣ በመሐረብ ጠረገ፣ ቀመሰ። «ጨው ይጨመር» አለና ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየጾሙ አልቀረም። ወሬው ቄሱ ጆሮ ደርሶ ሰው መሀል ሲቆጡት እንኳ አንገቱን ደፍቶ «ይፍቱኝ አባ» ከማለት በቀር የእህቱን ስም አላነሣም። ወርቂቱ እውነቱን ልናገር ስትለው ደግሞ ይቆጣ ነበር።

«በዚህ ጾም መጀመሪያ ላይ እንኳ፣ ሳሉ እያጣደፈው በካፊያው መጣ» አለች አሁን። «ተመለስ አልኩት፤ እንቢ አለኝ።»

ታዲዮስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከጋራዡ የተባረረውም ለዚሁ ነው። ቀትር ላይ እየጠፋ አስቸገረ ብለው ነው ያስወጡት።»

«ሥራ ቀዘቀዘ ነበር ያለኝ!»

«እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።»

እትዬ ብዙነሽ ማንኪያውን ከፋንቱ እጅ ወስደው ሳሙት፣ «አፌን በቆረጠው!» አሉ፤ ይህን ጊዜ ድምፃቸው ከጎናቸው ለተቀመጠውም በደንብ አልተሰማም።

«ነገ ከአያልነሽ ጋር እኔ እሄዳለሁ» አለ ታዲዮስ። «ይህን ያህል ዘመን ስትስቁብኝ ኖራችኋል፤ አንድ ቀን እንኳ ልጥቀማችሁ!»

ለቅሶ ቤቱ ሳቀ። ወርቂቱም እያለቀሰች ሳቀች።

«ግን የፈረንጅ ወጥ ጣዕም ምኑንም አላውቅም።»

«እሱስ መች ያውቅ ነበር! እኔ 'ውኃ ያስጠማል?' ብቻ ነበር የምጠይቀው።»

እትዬ ብዙነሽ ማንኪያውን ሰጡት።

በማግሥቱ ሠልስት ወጣ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ንፍሮውን ቀማምሶ አልተበተነም፤ ሁሉም የላቪንግተኑን ወሬ ይጠብቃል። ወርቂቱ ደጃፉ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ትላለች። መብራት ከበራ ብዙ ቆይቶ የአያልነሽ ድምፅ ከደረጃው ጀምሮ ተሰማ።

«ሁለት ሁለት ጊዜ አስጨምረው ጠጡት! እንግዶቹ እኮ ሳህኑን ሊልሱት ነበር! ሴትዮዋ ሰኞ ትምጣ ብላለች። ስለ ወንድምሽም 'ፖሌ'፣ አይዞሽ በይልኝ ብላኛለች።»

እልልታ በለቅሶ ቤት አይገባም፤ ፋንቱ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ብዙነሽ ተመልሶ ከበሩ ጀርባ ወደ ተሰቀለው ኮት ዞረው፣ «እሰይ የኔ ልጅ» አሉት፣ ሁሉም እየሰማ።

ታዲዮስ በመጨረሻ ገባ። ወርቂቱ ፊት በርከክ ብሎ በመሐረብ የተጠቀለለውን ማንኪያ ዘረጋላት።

«አጥቤዋለሁ» አለ። «ውኃ አላስጠማኝም።»

ወርቂቱ ማንኪያውን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ያዘችው። እጀታው ወንድሟ በሚይዝበት በኩል ትንሽ ተጣሟል። ንጹሕ ቢሆንም በነጠላዋ ጫፍ አንድ ጊዜ ጠረገችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የታዲዮስ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ያዘው» አለችው፤ «ጾሙ ገና አልተፈታም።»