ከምንጩ በላይ

«የገጠር ወዳጆቹስ? እስካሁን ብቅ አላሉም?» አለ ጓድ ሣህሉ፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መሀል እያንከባለለ።

ተሻለች ከፍራሹ ቀና አላለችም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጉልበቷን አቅፋ እንደተቀመጠች ነበር። ጥያቄውን ግን ሰምታዋለች። ባሏ ገብረወልድ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የእድሩ ድንኳን ከግቢው ተርፎ መንገዱን ዘግቶታል። የባቡር ሠራተኛው፣ የመጋላ ሰፈር ነጋዴው፣ የፋብሪካው ወዛደር ሁሉ እየገባ ግማሹ «እግዜር ያጥናሽ» ግማሹ «አላህ ያጥናሽ» ብሏታል። ሰው አልጎደለባትም።

«ሩቅ አይደለም እንዴ? አልሰሙም ይሆናል» አለች ጎረቤቷ በለጠች።

«ይሰማሉ እንጂ! ሠርግ በጥሪ ነው፤ ለቅሶ የሰማ ሁሉ ይመጣል። ከቡርቃ ጢኖ ትልቅ ትንሹ ሲወርድ እናያለን። እኔም እንደሆነ እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድ።»

ሰው ለቅሶ ቤት የሚውለው ለማስተዛዘን ነው። ሣህሉ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻ ሳይሆን የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ኮሚቴ አባልም ነበርና፣ ዓይኑ ከሐዘንተኛዋ ይልቅ የግቢውን በር ይጠብቅ ነበር። ቡርቃ ጢኖዎች ለቅሶ ሲደርሱ ስንት ጎረምሳ እንዳላቸው ሊቆጥር ነው። ይህን ከድንኳኑ ሰው ሁሉ የገባት ተሻለች ብቻ ናት።

ገብረወልድ የወባ ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መርጫ አዝሎ በድሬዳዋ ዙሪያ ያለውን ሸለቆ ሁሉ በእግሩ አዳርሶታል። የወባ ሠራተኛ ደግሞ ቤት ሳይቆጥር መድኃኒት አይረጭም፤ የትኛው ጎጆ የት እንዳለ፣ ውስጡ ስንት ነፍስ እንደሚያድር፣ ውሃ የት እንደሚተኛ ያውቃል። ማታ እግሩን ሲታጠብ የሚያወራላት ይህንኑ ነው፤ ከሁሉም አብልጦ ግን ስለ ቡርቃ ጢኖ። ከቢዮ አዋሌ መንገድ ይገነጠሉና የደረቀውን አሸዋ ይዘው ይገባሉ። ግራና ቀኙ የማሽላ እርከን ነው፤ ከእርከኑ በላይ ጥቂት ቤቶች፣ ከቤቶቹ በላይ ዋርካው፣ ዋርካው ሥር ምንጩ። ከምንጩ በላይ ሁለት ገደል ተደጋግፎ ይታያል። ያየ ሁሉ ሸለቆው እዚህ አለቀ ብሎ ይመለሳል።

አላለቀም። በገደሎቹ መሀል የተጫነ አህያ ሁለቱንም ጎኑን እየፋቀ የሚያልፍበት መንገድ አለ። እሱን ሲያልፉ ሸለቆው እንደገና ሰፋ ይልና ማሽላው፣ ጫቱ፣ ማንጎው፣ ከታቹ የሚበልጠው መንደር ያለው እዚያ ነው። ታቹ ኦሮምኛ ይናገራል፣ ላዩ ሶማሊኛ ይቀላቅልበታል፤ ተጋብቶ ተዋልዶ፣ ማን ከማን እንደሆነ ለመለየት ነገር ፈላጊ መሆን ያስፈልጋል። ተሻለች አንድም ቀን ሳትረግጠው የማን ልጅ ማንን እንዳገባች፣ የማን ግድግዳ በዝናብ እንደፈረሰ ታውቅ ነበር። አንዳንዴም ትቀናለች። «አንተ የምትኖረው እኔ ዘንድ፣ የምታድረው እዚያ» ትለው ነበር።

አንድ ዓመት ወባ አጥፊውን ወባ ያዘው። ከላይኛው መንደር ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሽማግሌው ዋበሪ ልጆቹን ሰብስቦ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ በቃሬዛ አውርዶ እስከ መኪና መንገድ አደረሰው። ገብረወልድ ሲድን «ደሞዜን ወባ በላችው» እያለ ይቀልድ ነበር እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ የዚያ ሸለቆ ሥጋ ዘመድ ሆኖ ቀረ።

ኋላ ኮታ መጣ። ከየአካባቢው ይህን ያህል ወጣት ለእናት ሀገር ጥሪ ተባለ። ኮሚቴው ገብረወልድን ጠርቶ «ሸለቆውን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ከምንጩ በላይ ሰው አለ ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲለው፣ «ከምንጩ በላይ ገደል ነው። ዝንጀሮ የምትመለምሉ ከሆነ ግን ሞልቷል» አላቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በእግሩ የሄደ ሰው ቃል ነውና አመኑት። ከታቹ መንደር የተገኙት ጎረምሶች ተወሰዱ፤ የቀሩት ገደሉን አልፈው ሽቅብ ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው ዘገዬን ወሰደው። አንድ ልጃቸውን ነው።

«የሰው ልጅ ደብቀህ የራስህን ትሰጣለህ?» ብላ ጮኸችበት ያን ቀን። «ሂድና ንገራቸው! ያለውን ንገራቸውና ልጄን ይመልሱልኝ!»

«የእኔን ልጅ አወቁት፤ ያወቁትን ምን ላድርግ?» አለ ገብረወልድ። «ያላወቁትን ግን በእኔ አፍ አያውቁም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ተሻለች ያኔ በጣም ጠላችው። እስኪታመም ድረስ በደህና አላናገረችውም፤ ታሞም ስታስታምመው ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። አሁን ሰው ሁሉ ባሏን ብላ የምታለቅስ ይመስለዋል፤ ይችን ያላወጣቻትን ቃል ነው ይበልጥ የምታለቅሰው።

ሣህሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ደግሞም ከልጅነቱ ታውቀዋለች።

«እትዬ ተሻለች» አለ በሹክሹክታ። «ኪኒን በስኳር ያጎርሰኝ የነበረው ጋሽ ገብረወልድ ነው። ትናንት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ግን እኔም ላይ አለቃ አለ፤ ኮታው ካልሞላ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ከምንጩ በላይ ጎረምሳ ሞልቷል የሚል ወሬ ደርሶኛል። አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔ ከጓዳ የማልወጣ ሴት ምን አውቄ?»

«ዘገዬ የሐዘን ፈቃድ እንዲሰጠው ቴሌግራም አዘጋጅቻለሁ። ፊርማዬ ብቻ ነው የቀረው። ልጅ አባቱን ሳያለቅስ መቅረት የለበትም። እስኪ አስቢበት።»

ከሰዓት በኋላ ወተት የምታመጣላት ደንበኛዋ ዑግባድ መጣች። ቤቷ ከላይኛው መንደር ነው። አንገቷን አቅፋ አልቅሳ ስታበቃ ጆሮዋ ሥር «ነገ ሁሉም ይወርዳል» አለቻት። «ላዩም ታቹም፣ ጎረምሳው ሳይቀር። ሐኪም ገብሬ ሞቶ ማን ቤቱ ይቀመጣል? ወላሂ ማንም!»

ተሻለች ሣህሉን አየችው፤ እሱም ያያታል። በለጠችም ጆሮዋን አቁማለች።

«ዑግባድ» አለች እሷም በሹክሹክታ፣ «ለዋበሪ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ከምንጩ በላይ ገደል ነው፤ ሰው የለም በይው።»

«አቦ! እኔ ታዲያ ከየት መጣሁ?»

«አንቺም ከታች ነሽ።»

ዑግባድ ሐዘን ያሳበዳት መስሏት አፍጥጣ አየቻት። ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ ድንኳኑ ስትመልስ ሣህሉን አገኘችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለቅሶሽን ሳይደርሱ ቀሩ ይባላሉ እኮ» አለች፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። «ነውር ነው።»

«ይባሉ።»

ሴትየዋ ወጥታ ስትሄድ ተሻለች በዓይኗ ሸኘቻት። ገብረወልድ ከቤት ውጭ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ሊነግሯት የሚችሉት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱን አትምጡ አለች። ሌሊቱንም እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አለ» ማለት ብቻ። ዘገዬ በዚያ በር ይገባል። ሙት አይሰማ፣ ሸለቆው አያውቅ። ደግሞስ እነዚያ እናቶች ለእሷ ልጅ ምን አደረጉ? ሲነጋም አሳቧ አልቆረጠም።

በሣልስቱ ረፋድ ላይ ከደረቀው ወንዝ አሸዋ በኩል የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ሐዘንተኛ አይነሳም ቢባልም ተሻለች ተነሥታ ከበሩ ቆመች። ከፊት ዋበሪ ዘንጉን ይዞ ይመጣል። ከኋላው አሮጊቶች፣ ሕፃን እጁን ይዛ የምትመራው አንድ ዓይነ ስውር፣ ዱላ የተደገፉ ሽማግሌዎች። ጎረምሳ የሚባል አንድም የለም። ሣህሉ አንገቱን አስግጎ አየ፤ እንደገና አየ። ተሻለች ትንፋሿን ለቀቀች።

ከሽማግሌዎቹ ኋላ አህዮች ብቅ አሉ። ማሽላ ተጭነዋል፤ የመጨረሻዎቹ ገና ከአሸዋው አልወጡም። የላይኛው መንደር ሰዎች መቅረቱን እሺ ቢሉም ልባቸው አላስቻላቸውምና፣ እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ልኳል።

«አቶ ዋበሪ» አለ ሣህሉ፣ አንዱን ጆንያ በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። «ዝናብ ጠፋ ብላችሁ የእርዳታ ስንዴ ተቀብላችኋል። ያላችሁት ደግሞ እነዚህ ሽማግሌዎች ናችሁ። ይህን ሁሉ ማሽላ ማን አረሰው?»

ዋበሪ አፉን ከፈተ። አማርኛው ጠፋው። ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ካርታቸውን አስቀመጡ።

ሣህሉ ወደ ተሻለች ዞረ። «አንቺ ንገሪኝ፤ ቃልሽን እቀበላለሁ። ቴሌግራሙ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ከዚህ ስወጣ በቀጥታ የምሄደው ወደ ቴሌ ነው። ማሽላው የማን ነው?»

የዘገዬ ፊት መጣባት፤ የወሰዱት ቀን የነበረው ፊቱ።

«የእኔ ነው» አለች።

«የአንቺ?»

«የገብረወልድ። ልጆቻቸው ሳይወሰዱ በእነሱ ጉልበት የእኩል ያሳርስ ነበር፤ ድርሻው ተከማችቶ የቆየ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሰው ላብ ያስዘራል እንዳይባል ለማንም አልተናገረም። መሬት ላራሹ ከታወጀ ወዲህ ይህ ወንጀል ነው አይደል? እንግዲህ ሞቷል፤ ክሰሱት።»

ሰው፣ ሚስት ባሏን በሣልስቱ ቀን በዕድርተኛ ፊት ሌባ ስታደርግ አይቶ አያውቅም። በለጠች አማተበችና ከአጠገቧ ሸሸት አለች።

«ጋሽ ገብረወልድ? የእኩል?» ሣህሉ ድምፁ ሰለለ።

«ሰው ሲሞት ነው የሚታወቀው።»

«ከምንጩ በላይስ?»

«ገደል ነው። ባሌ ነግሯችኋል።»

ሣህሉ ብዙ አያት። አላመናትም። ግን ሐዘንተኛ ሚስት በራሷ ባል ላይ በሕዝብ ፊት ይህን ከመሰከረች ከዚያ ወዲያ ምን ተብላ ትጠየቃለች? ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው።

«እንግዲህ ዘገዬ ለተዝካሩ ይደርስ ይሆናል» ብሎ ወጣ። ይደርሳል ብሎ እንዳላሰበ ሁለቱም ያውቁታል።

ተሻለች ፍራሹ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ዋበሪ ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገቧ አረፈ። ትከሻው ላይ የነበረውን ፎጣ አወረደና የእሷንም የራሱንም እጅ ሸፈነው። በከብት ገበያ ሻጭና ገዢ፣ ሌላ እንዳይሰማቸው፣ በጨርቅ ሥር በጣት የሚነጋገሩት እንዲህ ነው፤ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

በፎጣው ሥር አምስት ጣቶቿን ጭብጥ አደረጋቸው። ለቀቀ። እንደገና አምስቱን። እንደገና። እንደገና። ከዚያ ሦስቱን ብቻ።

ሃያ ሦስት። ከምንጩ በላይ ያሉት ቤቶች ናቸው። ገብረወልድ እየደጋገመ ስላወራላት ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ የካሂን፣ የዑግባድ፣ ማንጎው ሥር ያለችው የመበለቲቱ ቤት። ለቅሶዋን ደርሰዋል። ከተቀበረ ወዲህ ሙሾ ሳይረዳት ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው፤ ይቅር በለኝ እያለች፣ ስሙን እየጠራች።

ዋበሪ እጁን ሊያነሣ ሲል ያዘችው። በፎጣው ሥር ጣቶቹን ፈልጋ አገኘችና ከመሀላቸው አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ጨብጣ ቆየች።

አንዱ ማን እንደሆነ አልጠየቃትም። ጣቱንም አልሳበም።