ወደ ቂብላ የዞሩት ስምንት መጸዳጃዎች

ዑባህ ተቆጥታ ሐርተሼክ ላይ ከጮኸች ቶጎጫሌ ያለ የጭነት መኪና ሾፌር ፍሬን ይይዛል። የዚያን ሰኞ ጠዋት ግን ድምጿ ጠፋ። የስምንተኛ ክፍሏ ልጇ ኒምኮ፣ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣዋ፣ ደብተሮቿን አልጋ ሥር ወርውራ «በቃኝ፣ አልማርም» አለቻት። ለሚኒስትሪ ፈተና የቀረው አንድ ወር ነው።

«ማን ነካሽ?»

«ማንም። ሽንቴን መያዝ አቃተኝ፣ ሆዮ፣ እናቴ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትምህርት ቤቱ ባለ ስምንት ክፍል መጸዳጃ ተሠርቶለታል፤ ለምርቃቱ የታረዱት ፍየሎች ቢሰለፉ ጅጅጋ ይደርሱ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣ። ልጆቹ ሊገቡ ሲሉ ስምንቱም መቀመጫ ፊቱን ለቂብላ፣ ለመካ አቅጣጫ፣ ሰጥቶ ተገኘ! ሙስሊም ለዚህ ጉዳይ ሲቀመጥ ፊቱንም ጀርባውንም ወደዚያ አያዞርም፤ ይህን የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። ልጆቹ ተመለሱ፣ በሮቹ ተዘጉ። የውኃው ሮቶም የሸረሪት ቤት ሆነ። ወንዶቹ ከአጥሩ ጀርባ ይሄዳሉ። ሴቶቹ በዚያ ሐሩር ውኃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ኒምኮ ሁለቴ ኩላሊቷን ታክማለች።

ዑባህ ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አጥልቃ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባች። ኃላፊው ዐብዲጀባር ከወንበሩ አልተነሣም።

«ዋላል፣ እኅቴ፣ ግንባታው በፕላኑ መሠረት ነው። ተረክበናል። አገልግሎት የሚሰጡ ስምንት መጸዳጃዎች ብለን ሪፖርት አድርገናል።»

«ስትረከብ ገብተህ አይተሃል?»

«ፎቶውን አይቻለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በቀን አምስቴ የምትሰግደው ወዴት ዞረህ ነው? ወደ ፕላኑ?»

ጸሐፊዋ ሳቋን በሻርፗ አፈነች። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ማስተካከያው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ተይዟል።»

ለሚቀጥለው! የልጅ ፊኛም በጀት እስኪጸድቅ ይጠብቅ!

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ መጸዳጃውን ወደ ገነባው ግንበኛ፣ ወደ ዘነበ ሄደች።

«አንተም አላየህም?»

«አየሁ እንጂ! እዚህ አገር አሥራ ስድስት ዓመት ኖሬ ቂብላ ይጠፋኛል? ስናገር ‹አንተን ምን አገባህ፣ ወረቀቱን ተከተል› አሉኝ።»

«እንግዲያው ወረቀቱን ተውና እኔን ተከተለኝ።»

በማግስቱ የዘነበ መዶሻ ሲያርፍ የከተማው ቆርቆሮ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሲሚንቶውን ፈልጦ መቀመጫዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን አዞራቸው። እናቶች በጄሪካን እየተመላለሱ ሮቶውን ሞሉት፤ ከመቶ በልጠው ነበር ቢባል ማን ይቆጥራል? ሰባቱ ሲያልቁ ዑባህ «ስምንተኛውን ተወው» አለች።

ሲሚንቶው ደርቆ በሮቹ በተከፈቱበት ጠዋት ዐብዲጀባር ደብዳቤ ይዞ መጣ።

«የመንግሥት ንብረት ያፈረሰ በሕግ ይጠየቃል! ማነው ያዘዘው?»

«እኔ ነኝ፤ ስሜን በትልቁ ጻፈው» አለች ዑባህ። «ግን ስምንተኛውን አልነካነውም፤ አንተ እንደተረከብከው አለልህ። አገልግሎት ይሰጣል ብለህ የለ? ግባና ተጠቀምበት። ደብዳቤውን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ሰውዬው በሩን አየ። የቂብላን አቅጣጫ አየ። የከበቡትን እናቶች አየ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ፣ እግሩ ግን አንዲት ስንዝር አልተነቃነቀም።

ከኋላው ልጃገረዶች ተሰልፈው ነበር። ከፊት የቆመችው ኒምኮ ደብተሮቿን በብብቷ ሸጉጣለች።

«አዴር» አለችው፣ ለአጎት በሚገባ ትሕትና፤ «እርስዎ የማይገቡ ከሆነ ያሳልፉን፤ ክፍል ሊጀመር ነው።»