የአባ ጎርፉ ቀበቶ

መርሳ ላይ ዓሪፍን የማያውቅ ሰው የለም፤ የሚታወቀው ግን በሥራው አይደለም። ሥራውማ ሲሪንቃ የምርምር ጣቢያ ውስጥ የማሽላ ቁመት እየለኩ መመዝገብ ነው፤ ማን ጉዳዬ ይለዋል! የሚታወቀው በቁልፎቹ ነው። አዎ፣ በካፖርትና በሸሚዝ ቁልፎች። ሚስትና ልጅ ያለው ጎልማሳ፣ ከልብስ ሰፊው ከሸሻይ ጋር የማካሮኒ ካርቶን ላይ መድረክ አስምሮ ቁልፍን ከቁልፍ ጋር ሬስሊንግ ያጋጥማል። ጉድ በሉ!

ነገሩ የጀመረው ሁለቱም ጎረምሶች ሳሉ፣ ቪዲዮ ቤት ቁጭ ብለው የፈረንጅ ሬስሊንግ ሲያዩ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ሲዘጋ ፍቅሩ አልለቀቃቸውም። ሸሻይ ከስፌት የተረፉ ቁልፎች አመጣ፣ ዓሪፍ ከሉዶ መጫወቻ ሁለት ዳይስ። እያንዳንዱ ቁልፍ ስም ወጣለት፤ ዳይሱ ስንት ሲያሳይ እንደሚመታ፣ ስንት ሲያሳይ እንደሚወድቅ ተወሰነ። የወደቀ ሦስት ጊዜ ተወርውሮለት ካልተነሳ አለቀለት። የዓሪፍ ጀግና አባ ጎርፉ ይባላል፣ ትልቅ ቡናማ የካፖርት ቁልፍ ነው። ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈች ወርቃማ ጥብጣብ በቀዳዳው ታስራበታለች፤ የሻምፒዮናው ቀበቶ እሷ ናት። የሸሻይ ሸርተቴ ደግሞ ሚጢጢ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። ያቺን ቀበቶ ለዓመታት ተመኛት እንጂ አንድም ቀን አልነካትም።

መዝገቡን የሚይዘው ዓሪፍ ነው። ቀኑን፣ የነበሩትን ሰዎች፣ ያሸነፈውን፣ አወዳደቁን ሳይቀር ይጽፋል። ከማሽላው መስክ ያመጣው አንድ ሕግ ነበረው፤ ያላዩትን መጻፍ የለም። አገዳውን ከብት ከበላው "ተበልቷል" ይባላል እንጂ በግምት ቁመት አይሞላለትም። ጨዋታውም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን ልጁ ዙልፋ ስትሮጥ ጠረጴዛውን ገጨችውና ዳይሱ መሬት ወደቀ። ሸሻይ "ስድስት ነበር፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!" ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ ዓሪፍ "እኔ አላየሁም" አለና "ውጤት የለም" ብሎ ጻፈ። ሸሻይ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ውስጥ ሰው ሲከራከር እንኳ "ዓሪፍ ጽፎታል ወይ?" መባባል ተለመደ።

በነሐሴ ጦርነቱ መርሳ ገባ፤ ከትግራይ የመጡ ታጣቂዎች ከተማውን ያዙ። መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ሲሪንቃም ሥራ ቆመ። የቻለ ወደ ደሴ ሸሸ፣ ያልቻለ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ዓሪፍና ሸሻይ ቤታቸው ጀርባ ለጀርባ ስለሆነ በጓሮ በኩል ይገናኙና አመሻሽ ላይ ይጫወታሉ። ያ ጨዋታ ባይኖር ዓሪፍ አብዶ ነበር፤ ራሱ ነው ያለው። እስክሪብቶው አልቆ ሱቁ ሁሉ ተዘርፎ ስለነበር በዙልፋ እርሳስ ይጽፋል። ሸሻይ ትውልዱ ትግራይ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ መርሳ ኖሯል። ታጣቂዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት በትግርኛ ያናግሩታል፣ እሱም ይመልሳል። ምን ያድርግ፣ አፉን ይስፋ? ግን ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዓይን ብቻ ሆኖ ነበር።

በታኅሣሥ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ። የሸሸው ተመለሰ፣ የሞተው ተቀበረ፣ የጠፋው ይፈለግ ጀመር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሸሻይ ሚስት ማና ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ዓሪፍ ቤት ደረሰች።

"ወንድሜ ዓሪፍ፣ ወሰዱት! ታጣቂዎቹን የመራ አንተ ነህ ብለው ወሰዱት!"

ዓሪፍ ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቅ ሮጠ።

የሰፈሩ ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው የእድሩ መጋዘን ውስጥ ተሰብስበዋል። ሰብሳቢው ሐጂ አብዱልጀሊል ናቸው። ሸሻይ ጥግ ላይ እጁን ታስሮ መሬት ተቀምጧል። ውጭ አንድ ፒክአፕ ቆሟል፤ ጥፋተኛ የተባለ በዚያ ተጭኖ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት የተጫኑት የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም።

ከሳሹ ባለ ወፍጮው ፈንታው ነው። ፈንታው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

"የጥቅምት ሚካኤል ዕለት አመሻሽ ላይ መጡ" አለ። "ፊት ፊት የሚመራቸው ረጅም ሰው ነው፣ ካፖርት ለብሷል። ፊቱን በደንብ አላየሁትም፤ ቁመቱና ካፖርቱ ግን የሸሻይ ነው። ወንድሜን ጌትነትን ይዘውት ሄዱ። ይኸው እስከ ዛሬ የለም።" ድምፁ ተቆረጠና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

"ቤት ነበር! ልጄ ሓበን ትኩሳት ይዞት አብረን ስናስታምም ነበር" አለች ማና።

"አንቺማ ሚስቱ ነሽ" አላት አንድ ጎረምሳ።

ዓሪፍ ተነሳ። "ሐጂ፣ አንቱ ያውቁናል። እኔና ሸሻይ በየአመሻሹ አብረን ነበርን።"

"በዚያ ቀንስ?" አሉ ሐጂ።

ዓሪፍ ከመመለሱ በፊት "ይማል! ወላሂ ይበል!" የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። በውሸት ወላሂ ማለት ለዓሪፍ የሚሞከር ነገር አይደለም፤ ምላሱ ይታሰራል። ሐጂ ግን እጃቸውን አነሱ።

"ዓሪፍን አላስምለውም። ያላየውን የማይጽፍ ሰው ነው፣ አገር ያውቃል። ሂድና ደብተሩን አምጣ፤ እዚያ ላይ ያለው ይበቃናል።"

ቤቱ ገብቶ ደብተሩን ገለጠ። የመጨረሻው መስመር ላይ በገዛ እጁ ጽፎታል፦ "ጥቅምት 12። ሸሻይ አልመጣም።" ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ከበሩ መውጣት ስለፈራ ቀሪው ገጽ ባዶ ነው። ያ አላህ! ባይጽፈው ምን ነበረበት? ማን ጻፍ አለው? ሸሻይ እንዲያ ያለ ነገር ያደርጋል? አያደርግም፣ በጭራሽ። ግን የት እንደነበረ አይቷል? አላየም።

የዙልፋን ቦርሳ በርብሮ ላጲስ አወጣ። ቀና ሲል ሚስቱ ከድጃ በሩ ላይ ቆማለች።

"ላጲሱን ምን ልታደርገው ነው?"

ቀረብ ብላ መስመሩን አነበበች።

"የት እንደነበረ ታውቃለህ?"

"አላየሁም። ሸሻይን ግን አውቀዋለሁ።"

ከድጃ ወደ ደጅ ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ጠርዙን በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችለት። "በል ፍጠን" አለችው።

አጠፋው። አሁን ደግሞ ማን አሸነፈ ብሎ ይጻፍ? አባ ጎርፉ ቢል ማንም አይጠረጥርም፣ ሁሌም እሱ ነው የሚያሸንፈው። ግን እየዋሹ ማሸነፍ፣ ዓይንን በጨው ታጥቦ በወንድም እስር ላይ መጠቀም ሆነበት። እርሳሱን አንስቶ ጻፈ፦ "ጥቅምት 12። የነበሩት፦ ዓሪፍ፣ ሸሻይ። ሸርተቴ አባ ጎርፉን ጣለ። ቀበቶው ተላልፏል።" ጥብጣቧንም ከአባ ጎርፉ ፈትቶ ሸርተቴ ላይ አሰራት።

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ አንዱ "አባ ጎርፉ ወደቀ?" አለ። ሌላው "አረ በሞትኩት!" ብሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሐጂም ደብተሩን ዘጉት።

"ይህ ሰው ቀበቶውን ለውሸት ብሎ የሚሰጥ አይደለም። ፍቱት።"

ፈንታው ደብተሩን ተቀብሎ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየው። "እንግዲያ ዓይኔ ነው የዋሸኝ" አለ። "ታዲያ ወንድሜን ማን ወሰደው?" ዓሪፍ አንገቱን ደፋ። ሸሻይ በመትረፉ ልቡ በደስታ ልትፈነዳ ነበር፤ የፈንታው ጥያቄ ግን ደረቱ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተጫወቱም። በጓሮ ሲተያዩ ሰላም ይባባላሉ፣ የሚያወሩት ይጠፋቸዋል። ጥር ሲጋመስ ሸሻይ መኪናውን ሸጠ፣ ያቺን የስፌት መኪና። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በጓሮ በር ገባ።

"ወልድያ ልንሄድ ነው፣ ማና እህት ቤት። እዚህ ሰው ካፖርቴን ሲያይ ይደነግጣል፣ እኔም ስለብሰው እደነግጣለሁ። አልቻልኩም።"

"ወልድያ ቅርብ ነው" አለ ዓሪፍ።

"ቅርብ ነው።" ቁጭ አለ። "አባ ጎርፉን ጣልከው አሉኝ።"

"ጣልከው።"

"እኔ ሳልኖር?"

ዓሪፍ ተነስቶ የጓሮውን በር ዘጋ።

"ሓበን ትኩሳት ይዞት ነበር። ጨርቅ እያራስኩ ግንባሩ ላይ ሳደርግ አመሸሁ።"

"እኔ አልጠየቅኩህም።"

"ስላልጠየቅከኝ ነው የምነግርህ" አለ ሸሻይ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ የቁልፎቹን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አውርዶ ሸርተቴን ከነቀበቶው ካርቶኑ ላይ አስቀመጠ። "በል አባ ጎርፉን አምጣው። ሳላሸንፍ ያገኘሁትን ቀበቶ ይዤ አልሄድም።"

ተጫወቱ። ሸርተቴ መጀመሪያ ላይ በደንብ መታ፤ ሸሻይ እንደ ድሮው ጉልበቱን እየጠፈጠፈ "በለው! በለው!" ይላል። ከዚያ ወደቀ። አንድ ተወረወረ፣ ሁለት ተወረወረ፣ ሦስተኛውን ሸሻይ ዳይሱን በመዳፉ አሽቶ ወረወረ፤ አልተነሳም።

"ይኸው ልማዱ!" ብሎ ሳቀ ሸሻይ። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ ዓሪፍ ያየው ያን ቀን ነው። ጥብጣቧን ፈትቶ አባ ጎርፉ ላይ መልሶ አሰራት።

ዓሪፍ ደብተሩን ገለጠ፣ እስክሪብቶ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። "እኔ ከእንግዲህ መጻፍ አልችልም፣ ሸሻይ። ያላየሁትን ጽፌያለሁ። ፈንታው ማን ወሰደው እያለ በየመንደሩ ሲዞር አየዋለሁ፤ በእኔ ደብተር ነው ዓይኑን የጠረጠረው። ትክክል ነበርኩ፣ አውቃለሁ፤ ግን አላየሁም ነበር።"

ሸሻይ ደብተሩን ወደራሱ ሳበው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቃል ጽፎበት አያውቅም። ጨርቅ የሚያሰምር ይመስል አጎንብሶ ቀኑን ጻፈ፤ ከዚያም "የነበሩት" በሚለው ፊት ለፊት ዓሪፍ፣ ሸሻይ ብሎ፣ አባ ጎርፉ አሸነፈ አለ። ቀና ብሎ ዓሪፍን አየው።

"ሸርተቴ ሲወድቅ አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"እኔም አይቻለሁ" አለና እስክሪብቶውን መለሰለት። ማና ከደጅ አውቶቡሱ መጣ እያለች ትጣራ ነበር።