ቦርዱ የቆጠረው ሰው

ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ ከስፌት መኪና የረቀቀ ዕቃ ነክታ አታውቅም። አሁን ግን የሟች ወንድሟን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ያቺን መዳፍ የማትሞላ አረንጓዴ ነገር፣ ስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀምጣ ቁጭ ብላለች። ታዲያ ምን ታድርግ? እናቷ መርሳት ከጀመራት ቆይቷል፤ ልጇ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ሲመሽ ከአልጋዋ ትነሳና «ልጄ ቆየብኝ» እያለች ሹልክ ብላ ትወጣለች። ትናንት መኪና ሊገጫት ሲል ለጥቂት ነው የተረፈችው። ታላቅ እህቷ ቁርጡን ተናግራለች፦ «አንቺ መጠበቅ ካቃተሽ ነገ መጥቼ እወስዳታለሁ።» እናቷን ልትነጥቃት!

ወንድሟ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። ከእናቱ ፍራሽ ስር ክብደት የሚለይ ስስ ንጣፍ አንጥፎ፣ በረጅም ሽቦ ከቦርዱ ጋር አገናኝቶ፣ አልጋው ባዶ ሲሆን የሚጮህ ደወል ሊሠራ ጀምሮ ነበር። ሳይጨርሰው ሞት ቀደመው። አሁን እሷ ልትጨርሰው ለእህቷ ቃል ገብታለች።

ላፕቶፑ ላይ የከፈተችው የማስተማሪያ ቪዲዮ «መጀመሪያ መብራቷን ብልጭ ድርግም የምታደርገዋን ፕሮግራም ጫኑ፤ አዲሱ ሲገባ የድሮው ይጠፋል» ይላል። የምን የድሮ? እሷ እንደሆነ፣ ገመዱ ተነቅሎ የከረመ ዕቃ ሁሉን የረሳ መስሏታል። ገመዱን ላፕቶፑ ላይ ስትሰካው ግን ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«አልጋ፦ አንድ ሰው።»

የወንድሟ ሥራ ነው። እንባዋ መጣ። «አንተ ልጅ፣ ለካ ሠርተኸዋል!» አለች። እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል ሌላ መስመር ተጨምሯል።

«አልጋ፦ ሁለት ሰው።»

ወደ መኝታ ቤት ሮጠች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተጠግታ ተኝታለች፤ በግድግዳው በኩል ለሰው የሚበቃ ቦታ ትታለች።

«ቀስ በይ እንጂ!» አለች እናት በሹክሹክታ። «ገና አሁን መተኛቱ ነው።»

ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ኧረ ንጣፉ ተበላሽቶ ነው፣ ምን ያንቀጠቅጠኛል ብላ ራሷን ተቆጣች። ይህን ለማረጋገጥ እናቷን ደግፋ አስነሳችና ስፌት መኪናው ጋ አምጥታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። እጇን አጥብቃ እንደያዘች ስክሪኑን አየች።

«አልጋ፦ አንድ ሰው።»

በቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም።

«እማዬ፣ ዛሬ አትወጪም?»

«ምን ፍለጋ?» አለች እናት፤ ወደ በሩ ዞር ብላም አላየች። ፊቷ እንደዚህ ተዝናንቶ ከታየ ስንት ጊዜው!

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን «ጫን» የሚለው ቁልፍ ላይ አሳረፈች። ብትጫነው መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ እሱ ግን ይጠፋል። ፈራች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን ወንድሟ ናፈቃት። ጣቷን አነሳች።

ስልኩ ጠራ። እህቷ ናት።

«እሺ፣ ደወሉ ተሠራ? ወይስ ነገ ልምጣ?»

«አትምጪ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እማዬን ከወሰድሻት ብቻውን ሊቀር ነው።»