ሦስተኛዋ ዋኖስ

ሸክላው ለሦስተኛ ጊዜ ሲያልቅ ድርቤ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አንስታ፣ "በቃ አጥፊው፤ የባትሪ ድንጋይሽን ጨረስሽው እኮ" አለች።

ሸዋርጋ አላጠፋችውም። መርፌውን አንስታ ወደ ዘፈኑ መጨረሻ መለሰችው። እዚያ ላይ አውጪው ደረሳ ዝም ይላል፤ ተቀባዮቹ ብቻ ይቀራሉ፤ ከነሱም አንዲት ድምፅ ተነጥላ ወደ ላይ ትወጣለች። አሁን ተሰበረች ሲሏት ሳትሰበር እዚያው ከፍታ ላይ ትቆያለች። ሸዋርጋ ይህቺን ድምፅ መጀመሪያ የሰማቻት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ከአንድ ጠጅ ቤት መስኮት ነበር። ቆማ ስትሰማ ዘግይታ ቤት ገብታ ተገርፋለች። ግርፊያውን ረስታዋለች፤ ድምፁን ግን አልረሳችም።

"ይቺ እርስዎ ነዎት አይደል፣ አዴ ድርቤ?"

"እኔ ነኛ! ነቀምቴ በሙሉ የሚያውቀውን ምን ትጠይቂኛለሽ?"

"እስቲ ይቺን መጨረሻዋን ብቻ ይበሉልኝ።"

ድርቤ ሳቅ አለች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። ድምፅዋ መልካም ነው፤ ወፈር ያለ፣ የሚሞቅ። ሆኖም እኩሌታው ላይ ሲደርስ መውጣቱን ትቶ ወደ ታች ዞረና በዝቅተኛው ዜማ ሄደ።

"ዕድሜ ነው" አለች ድርቤ፣ ዓይኗን ከሸዋርጋ ሸሸት አድርጋ። "በዚያ ላይ ይሄን ሁሉ ዓመት የጨርቅ ብናኝ ስውጥ።"

ሸዋርጋ ጻፈች። በነቀምቴ ባህል ጽሕፈት ቤት ፀሐፊ ናት። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የክፍለ ሀገሩ የቀድሞ ድምፃውያን ስም ተመዝግቦ እንዲላክ ታዝዟል፤ የተመዘገቡት መስከረም ላይ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ መድረክ ላይ ተጠርተው ይዘፍናሉ፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጣቸዋል። አለቃዋ ጓድ ጨመዳ፣ "የተጠየቅነው ስም ነው፤ ስም ሙዪና ላኪው" ብሎ ቅጹን ከሰጣት ሦስት ወር አለፈ። እሷ ግን ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ የምትል ሰው ናት። ሸክላው ላይ የታተመው "ደረሳ ከሦስቱ ዋኖሶች ጋር፣ ፲፱፻፷፩" የሚል ብቻ ነው። አውጪ ስም አለው፤ ተቀባይን ማን ይጽፈዋል? ደብተሯን ይዛ በየሰፈሩ ዞረች። ዘመኑ ደግሞ ስም የሚጽፍ ሰው ሲመጣ ሰው የገዛ ስሙን የሚረሳበት ዘመን ነበር።

እንደምንም ብላ ሰበሰበች። ደረሳ ሞቷል። ከዋኖሶቹ አንዷ ቀለሟ በወሊድ ሞታለች። ሁለተኛዋ ካሰች ቢላ ከተማ አስተማሪ ናት። ሦስተኛዋን ስትጠይቅ ግን ሁሉም በአንድ አፍ "ድርቤ!" አሏት። ድርቤ በዚያ ሸክላ ምክንያት "ለዓለም ዘፈነች" ተብላ ከሚስዮን መዘምራን ተባርራለች፤ የታጨችለት ሰው ቤተሰቦችም ቀለበታቸውን አስመልሰዋል። የተቀጣን ሰው ማን ይጠራጠራል?

"ቀረጻው ቤት እንዴት ነበር?"

"ግድግዳው የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፎበታል። አንድ ማይክራፎን ነው ያለው፤ ደረሳ ከፊት፣ እኛ ከኋላው ተጠጋግተን። ሰውዬው ጣቱን ሲያነሳ መተንፈስ ክልክል ነው።"

"መስከረም ላይም እንደዚያው በማይክራፎን ነው። ሰው ሁሉ እርስዎን ለመስማት ይመጣል።"

ድርቤ የበጠሰችውን ክር መልሳ በመርፌው አሾለከች። "ኢሺ፣ ጋሪዳ፤ ደግ ነው" አለችና መኪናውን መርገጥ ጀመረች። የምትሰፋውን የተማሪ ዩኒፎርም ኪስ በስህተት ገልብጣ በውስጥ በኩል ስትሰፋው ሸዋርጋ አየቻት፤ ለመናገር ግን አልደፈረችም።

ማጫወቻውን በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ የሐምሌውን ጭቃ እየተራመደች ቢሮዋ ስትደርስ፣ የአውቶቡስ ረዳት በእጁ ያመጣው ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ከቢላ፣ ከካሰች ነው። ከሰላምታው በታች እንዲህ ይላል፦

"ስለ ድርቤ ለጠየቅሽኝ፣ ድርቤ ለቀረጻው ስንሄድ አዲስ አበባ አልደረሰችም። ባኮ ላይ ቁርስ ስንበላ አባቷ ኦቦ ባቻ በጭነት መኪና ተከትለው ደርሰው ከአውቶቡሱ አወረዷት። ሸክላው ላይ ያለችው ሦስተኛ ማን እንደሆነች አልነግርሽም፤ ምለናል። የደረሳን ክራር ይሸከም የነበረውን ታፋን ጠይቂው፤ አሁን እዚያው ነቀምቴ ሥጋ ቤት አለው አሉ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለሸዋርጋ ግን እያደር ደፈረሰባት። የእንቁላሉ ካርቶንስ? ከመዘምራን መባረሯ፣ ቀለበት መመለሷስ? ያላደረገችውን ነገር ተቀጥታበት ዝም የምትል ሰው አለች?

ጓድ ጨመዳ ከመነጽሩ በላይ አያት። "ዛሬ ዓርብ ነው። ቅጹስ?"

"ሦስተኛዋ ድርቤ ላትሆን ትችላለች፣ ጓድ።"

"ከተማው ሁሉ ድርቤ ናት ይላል።"

"ከተማው ሁሉ ተሳስቶ ከሆነስ?"

"ከተማ በሙሉ ከተሳሳተማ ልክ ነው ማለት ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አምጪልኝ።"

ታፋ ሥጋ ቤት ሰው አልነበረም፤ ዓርብ ነው፣ ጿሚው ቀርቷል። ለጴንጤዎቹ ብሎ አንዲት ታናሽ ብልት ሰቅሎ ቢላዋ ይሞርዳል። ደረቱ የበር ያህል ሰፊ የሆነ ሰው ነው። ሲናገር ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ቃልም አያበዛም።

"አካም ኦልታን፣ ጋሼ ታፋ፤ እንዴት ዋሉ?"

"ነጋ፤ ደህና።"

"ስለ ሦስቱ ዋኖሶች ልጠይቅዎ ነበር። ከካሰችና ከቀለሟ ጋር የዘፈነችው ሦስተኛዋ ማን ናት?"

"ድርቤ።"

"አዴ ድርቤ ባኮ ላይ ወርደዋል ይባላል።"

"እንጃ። እኔ ክራር ተሸካሚ ነኝ።" ቢላዋውን መሞረድ ቀጠለ።

ሸዋርጋ ሌላ መላ አጣች። ማጫወቻውን ሥጋ መመተሪያው ላይ አስቀምጣ መርፌውን መጨረሻው ላይ አሳረፈችው። ድምፁ ወጣ፣ ወደ ላይ ተሳበ።

"አጥፊው!" ብሎ ታፋ ጮኸ።

ሸዋርጋ ክው ብላ ቀረች። ከዚያ ሰፊ ደረት የወጣው ጩኸት ቀጭን፣ ጥርት ያለ ነበር። የጠጅ ቤቱ መስኮት ድምፅ ነው። ሸክላውን አየች፤ ሰውዬውን አየች፤ እንደገና ሸክላውን አየች። ታፋ አፉን በመዳፉ ይዞ ቆሟል። ቀስ ብሎ ሄደና የበሩን አንድ ክንፍ ዘጋ።

"ሰማሽ እንግዲህ" አለ፣ ድምፁን ሳያወፍር። "ሚስዮን ስንማር የሌሎቹ ወንዶች ድምፅ ሲጎረምስ የኔ እንዲሁ ቀረ። ድርቤ ስትወርድ ደረሳ አለቀሰ፤ ለቀረጻው ሁለት ዓመት ሙሉ ለምኖ ነበር። ግባልኝ አለኝ፤ ገባሁ። ለማንም ላንናገር አራታችንም ማልን።"

"ጋሼ ታፋ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ እኮ በሀገሩ የለም!"

"ለሴት ቢሆን ጥሩ ነበር። ማሎ፣ እባክሽ ስሜን እንዳትጽፊ። ሦስት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ገበያተኛው 'እመት ታፋ' ቢለኝ በየት በኩል አልፋለሁ? ድርቤ ብለሽ ጻፊ፤ ቅጣቱንም የበላችው እሷ ናት።"

"መድረክ ላይ ጠርተው ዝፈኚ ቢሏትስ?"

ታፋ ቢላዋውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። "በየእሑዱ ግማሽ ኪሎ ሥጋ እልክላታለሁ" አለ በመጨረሻ። "ሰው 'ሊያገባት ነው' ብሎ ያማኛል። አንድ ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝም ምን እንደምላት አላውቅም።"

ሸዋርጋ ስትወጣ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የፈለገችውን ሰው አግኝታዋለች። ነገር ግን ያገኘችውን መጻፍ አትችልም፤ መጻፍ የምትችለው ደግሞ ውሸት ነው። ዝናቡ ወረደባት፤ ጃንጥላዋን መዘርጋት እንኳ ትዝ ያላት በአንገቷ ውሃ ከገባ በኋላ ነው። ቢሮ መመለሷን ትታ ወደ ድርቤ ቤት ታጠፈች።

ድርቤ መኪናዋን ከድና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ገና ከበሩ ፊቷን አይታ፣ "ባኮ ብለው ነገሩሽ" አለቻት።

"ነገሩኝ።"

"ታፋ ጋም ስትገቢ ታይተሻል።"

"ያውቃሉ እንዴ እሱ መሆኑን?"

"አብረን አይደል የዘመርነው! ገና ሸክላውን የሰማሁ ዕለት አውቄዋለሁ። ግቢ፣ ራስሽን አድርቂ።" ነጠላዋን ወረወረችላት። "አባቴ ባኮ፣ አክስቴ ዘንድ፣ ሁለት ወር አስቀመጠኝ። ስመለስ ሸክላው ቀድሞኝ ነቀምቴ ገብቷል። የሚስዮኑ ሽማግሌዎች ጠሩኝ፤ 'ዘፍነሻል ወይ?' አሉኝ። አባቴ ብድግ ብሎ 'ልጄ እዚያ አልነበረችም፤ ከአውቶቡስ ያወረድኳት እኔ ነኝ' ብሎ በእግዚአብሔር ስም ማለ። ማን ይመነው? ልጁን ለማትረፍ ነው አሉት። ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።"

"እርስዎስ ምን አሉ?"

"ዝም አልኩ።"

"ለምን?"

ድርቤ እጇን ጉልበቷ ላይ አሸት አሸት አደረገች። "መጀመሪያ በንዴት ነው። እንደ ጥጃ እየጎተተ በሰው ፊት አውርዶኛል፤ ይበለው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ያን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ቦታዬ ነበር እኮ፤ እዚያ መቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ። የኔ ነው ቢሉኝ ምን አለበት አልኩ። ሲቀጡኝ ጊዜማ ይብሱን የኔ ሆነ። ቀለሟ ስለ ካርቶኑም፣ ስለ ሰውዬው ጣትም ነገረችኝ፤ እኔም እሱን እየደጋገምኩ ይኸው ዛሬ አንዳንድ ጊዜ ያየሁት ይመስለኛል። ማየቴን ይሁን አለማየቴን የማላውቅበት ቀን አለ። ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ። ኦቦ ባቻስ?"

"ውሸታም እንደተባለ ሞተ። በዕድሜው የማለው ያን አንድ ጊዜ ነው፤ ገበያ ላይ እንኳ አይምልም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እማኝ ቁጠሩ ሲባል እሱን የሚጠራ ጠፋ። ሊሞት ሲል 'አንድ ቀን ንገሪልኝ' አለኝ። እሺ አልኩት። ስምንት ዓመት ሆነው።"

ሸዋርጋ ቅጹን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። አሥራ አንድ ሊሆን ግማሽ ሰዓት ይቀራል። "እኔ ግራ ገብቶኛል፣ አዴ ድርቤ። የእርስዎን ስም ብጽፍ መድረክ ላይ ይጠሩዎታል። ባልጽፍ 'ታዲያ እሷ አልነበረችም እንዴ?' ብለው መሳቂያ ያደርጉዎታል። የጋሼ ታፋን ብጽፍ ሰውየውን በቁሙ መግደል ነው። ምን ላድርግ?"

"የታፋን ለታፋ ተዪለት። ሲፈልግ ራሱ ይናገር።"

ሸዋርጋ ካሰችና ቀለሟን ጻፈች። በሦስተኛው ረድፍ "ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም" አለች። ጓድ ጨመዳ ይህን ሲያይ የሚለውን እያሰበች ቅጹን ልታጥፍ ስትል ድርቤ እጇን ያዘቻት።

"የኔን ጻፊ እንጂ።"

"ምን ብዬ?"

"እንደሆነው።"

የማስታወሻው ቦታ የሁለት ጣት ስፋት እንኳ የለውም። ሸዋርጋ ቅጹን ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈች፤ ድርቤ ቃል በቃል አስጻፈቻት። ስትጨርስ እንድታነብላት ጠየቀቻት።

"ድርቤ ባቻ ከሦስቱ ዋኖሶች ጋር አልዘፈነችም። አባቷ ኦቦ ባቻ ባኮ ላይ ከአውቶቡስ አውርደዋታል። ኦቦ ባቻ የማሉት እውነት ነው።"

"ይኼ ወረቀት ወዴት ነው የሚሄደው?"

"አዲስ አበባ።"

"አዲስ አበባ አባቴን አያውቀውም" አለች ድርቤ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከደጅ ቦኖው ላይ የተሰለፉት የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን እያንኳኩ ይሟገታሉ፤ ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ሚስትም ከመካከላቸው ናት፤ ድምፅዋ ይሰማል። ድርቤ ተነስታ ቆመች። አንድ ጊዜ ወደ አልጋው የተመለሰች መሰለች፤ ሸዋርጋም ትታዋለች ብላ አሰበች። ድርቤ ግን ወረቀቱን ከእጇ ወሰደች፤ መስኮቱን በሁለቱም በኩል ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ሴቶቹም ቀና ብለው እስኪያይዋት ጠብቃ፣ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች፣ ጮክ ብላ ማንበቡን ከአባቷ ስም ጀመረች።